የወይኑን መድኃኒት ማን ረጨው?

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተ ነህ አይደል የረጨኸው?»



ኦቦ ሌታ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ወይኑ ማሳ ዞር አሉ።

የጋዲሴ ንዴት ገነፈለ።

ገና ስልኩን መዝጋቷ ነበር። ከአዲስ አበባ የደወለችላት ባለሙያ፣ ከማሳው የተወሰደው ቅጠል ላይ ዘንድሮም ኬሚካል መገኘቱን ነግራታለች።

ዘንድሮም...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ጉደር ከተማ ዳር የኦቦ ሌታ ቤተሰብ የወይን እርሻና አነስተኛ የወይን ጠጅ መጥመቂያ አለው። ኦቦ ሌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፓምፕ በጀርባቸው አዝለው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ነበር መድኃኒት የሚረጩት።

በመጨረሻ ደረታቸው እምቢ አለ። አምቦ የመረመራቸው ሐኪም ከዚህ በኋላ ሽታውን እንኳ እንዳይቀርቡ አስጠነቀቃቸው።

ልጃቸው ጋዲሴ ሥራውን ስትረከብ ወሰነች... ወይኑ ኦርጋኒክ ይሆናል።

ኬሚካል የለም። ዩሪያ የለም። ፍግ፣ ኮምፖስትና በእጅ ማረም ብቻ።

አንድ የአዲስ አበባ ገዢም የኦርጋኒክ ማረጋገጫውን ካገኘች ምርቱን ሁሉ እንደሚወስድላት ነገራት። ማረጋገጫው የሚሰጠው ግን ማሳው ለተከታታይ ዓመታት ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ነው። አንዴ ኬሚካል ከተገኘበት... እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው።

አምና ሲገኝ «ከጎረቤት ማሳ ነፋስ አምጥቶት ይሆናል» ብላ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከለች። ጎረቤቶቿንም ነፋስ ባለበት ሰዓት እንዳይረጩ ደጅ ጠናች።

አሁን ደግሞ ይኸው።

ፓምፑን ቆልፋባቸዋለች። ግን ከአባቷ ሌላ ማንን ትጠርጥር? ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለው ነጭ ሻጋታ በታየ ቁጥር «ይሄ በፍግ አይድንም» እያሉ የሚያጉረመርሙት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ በላይ ያንገበገባት፣ ይህን ሁሉ ጣጣ የጀመረችው ለእሳቸው ደረት ብላ መሆኑ ነው።

«እሺ፣ እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ሌታ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው አትጠርጥሪ።»



ጋዲሴ አፏ ላይ የመጣላትን ሁሉ ተናገረች። ግትር ነህ አለቻቸው። ልፋቴን ገደል ከተትከው አለቻቸው። እግራቸው ማሳው ውስጥ እንዳይደርስ አለች... በገዛ እጃቸው የተከሉት ማሳ ውስጥ።

በማግስቱ ኦቦ ሌታ ጥቂት ልብስ ይዘው ጌዶ፣ እህታቸው ጋ ሄዱ።

እናቷ አዴ ቦጋለች አለቀሱ እንጂ ትንፍሽ አላሉም።

ጋዲሴም ልቧ እየከበዳት «ቢያንስ አሁን ማሳው ያርፋል» ብላ ተጽናናች።

ክረምቱ አልፎ ባለሙያዋ መጣች፣ ቅጠል ቆርጣ ሄደች።

ከዚያ ስልኩ ጠራ...

«ጋዲሴ፣ አሁንም አለ። ያውም በቅርቡ የተረጨ ነው።»

አባቷ ጌዶ ናቸው። ከሄዱ ወዲህ ጉደርን አልረገጡም።

ታዲያ ማን?

ማሳው ላይ የሚሠሩትን ሠራተኞች ሰብስባ ማፋጠጥ ጀመረች። ሁሉም ይምላሉ፣ ይገዘታሉ። እሷም ማንንም አታምንም። ይሄኔ አዴ ቦጋለች ከኋላዋ መጥተው ክንዷን ያዙ።

«ሰዎቹን ተያቸው፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ። እኔ ነኝ።»

ጋዲሴ የሰማችውን ማመን አቃታት።

ለካ ወይን ልታደርስ ወደ አምቦ በወጣች ቁጥር አዴ ቦጋለች መድኃኒቱን በባልዲ በጥብጠው፣ ቅጠል እየነከሩ ልክ እንደ ጠበል ሲረጩት ነበር።

በባዶ እጃቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው።

«ሃርሜ፣ እናቴ... መርዝ እኮ ነው» አለች ጋዲሴ።

«መድኃኒት ነው የሚባለው። ተክሉ ሲታመም፣ አንቺም አብረሽው ስትከሺ እያየሁ ዝም ልበል? ትንሽ ሆነሽ መድኃኒት አልውጥም ስትዪ በማር ደብቄ ነበር የማጎርስሽ። ዳንሽ አይደል?»

ጋዲሴ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣባት። ከሁለቱም ግን ንዴቱ በለጠ።

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ነጠላዬን አሽትቶ ነው ያወቀው። ተይ ብሎኝ ነበር... አልቻልኩም።»

ያኔውኑ ሚኒባስ ይዛ ጌዶ ገባች። አባቷ እህታቸው በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ ለምን «እኔ ነኝ» እንዳሉም ጠየቀች።

«ያን ቀን እኔ ላይ ያወረድሽውን ቃል እናትሽ ላይ አውርደሽው ቢሆን፣ እሷ አትችለውም ነበር» አሉ። «እኔ እችለዋለሁ።»

ጋዲሴ እንባዋን ጠረገች።

«ዝም ባትል ኖሮ እኮ አባዬ፣ አንድ ዓመት እናተርፍ ነበር። እሷም ያን ሁሉ መርዝ ባልነካች።»



«እሱም እውነት ነው» አሉ ኦቦ ሌታ።

አብረው ተመለሱ። ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ገዢው እጠብቅሻለሁ አላለም፤ አልጠብቅሽምም አላለም።

ጋዲሴ ግን አሁን ለእናቷ ሥራ ሰጠቻቸው። ወተት በውኃ አቅጥነው ሻጋታው ላይ የሚረጩት አዴ ቦጋለች ናቸው። «ወተት ለሰው እንጂ ለቅጠል» እያሉ ያጉረመርማሉ... ግን አንድም ቅጠል አያልፋቸውም።

ወገኖቼ... የምንወደውን ሰው ሳናማክር የምንሰጠው እርዳታ ልፋቱን ሊያፈርስበት ይችላል። ሳናጣራ የምንፈርደው ፍርድ ደግሞ ንጹሕ ሰው ከቤቱ ያስወጣል። ከጠርጣሪ አፍ ይልቅ የሚጠይቅ አፍ ቤት ያቆማል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ኦቦ ሌታ የሚስታቸውን ጥፋት በራሳቸው ላይ መውሰዳቸው ልክ ነበር? ወይስ ነገሩን ያባባሰው እሱ ነው? እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?