ከድንበር ያለፈ ስም

ማሽኑ አሁንም ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ድንበር ተጥሷል፤ ሥራ ቆሟል።»

«ይሄ ነገርማ ተጫወተብን» አሉ የኦናለና አለቃ ራ ሞአጊ (በቦትስዋና «ራ» አቶ፣ «ማ» ወይዘሮ ማለት ነው)፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ። «ያንን ዘብሽን አጥፊውና እንሂድ፣ ማ ኦናለና። ሆስፒታሉ ስምንቱን የጨቅላ ኦክስጅን መቆጣጠሪያ ዛሬ ይፈልጋል፤ ከጋቦሮኔ እዚያ ድረስ ሦስት ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ ያለ ዘብ ኖረን የለ እንዴ!»

ዘቡን ያቆመችው ኦናለና ናት። የማሽኑን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ አዲስ ስትገነባ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር በእያንዳንዱ ሥራ የሜሞሪ ድንበር ላይ ምልክት እንዲተክል አዘዘችው። ሥራው ሲያልቅ ምልክቱ ተነክቶ ከተገኘ ማሽኑ ይቆማል።

«ሰኞም እንዲሁ ሲያላዝን ነበር» አሉ ራ ሞአጊ።

«የሰኞው የኔ ጥፋት ነው፣ ራ። ምልክቱን የሚተክለውን ኮድ ራሱን አስጠብቄው፣ ገና ሲተክል ተነካሁ ብሎ ጮኸ። የዛሬው ሌላ ነው።»

«ዛሬ ደግሞ ምን አደረግን? የሆስፒታሉ ነርስ የላከችልኝን ስም ጻፍኩበት፤ ሌላ ምን ነካሁ?»

«የትኛውን ስም?»

ወረቀቱን ዘረጉላት። «ንግዋና ዋ ጎይትሴሞዲሞ ክጎሲየትሲሌ» ይላል። ገና ስም ያልወጣለት ጨቅላ የሚመዘገበው በእናቱ ሙሉ ስም ነው፣ የእገሊት ልጅ ተብሎ። ኦናለና ግን ስትሞክር የኖረችው በእህቷ በ«ኔዎ» አጭር ስም ነበር። ለስም የመደበችው ቦታ ሃያ አራት የላቲን ፊደል ይይዛል፤ ይሄኛው ከነክፍተቱ ሠላሳ አራት ነው።

የተረፈው አሥር ፊደል የት እንደፈሰሰ ስክሪኑ ላይ ኮዱን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። የሕፃኑ ኦክስጅን ከስንት ሲወርድ ማንቂያው ይጩህ የሚለው ቁጥር ላይ ነው የተደፋው። በሆስፒታሉ የጨቅላ ክፍል ያሉት አሮጌዎቹ ማሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ኮድ ነው፣ ዘብ ግን የላቸውም፤ ቁጥሩ ቢበላሽም ማንቂያውን ሳያስጮሁ ምንም እንዳልሆነ ይሠራሉ።

«ኮዱን የጻፈው ማነው?» አሉ ራ ሞአጊ።

«እኔ ነኝ።»

የመኪናቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በይ ለነርሷ ደውዪ» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

ነርሷ ደስ ብሏታል። «ማ ኦናለና! አዲሶቹን እየጠበቅን ነው እኮ። የድሮዎቹማ ይባረኩ፤ ይሄን ሳምንት አንዴም ጮኸው አልረበሹንም።»

«ሲስተር» አለች ኦናለና፣ «ስልኩን ሳይዘጉ ሕፃናቱ ጋ ይሂዱ። የከንፈራቸውን ቀለም አይተው ይንገሩኝ።»

በስልኩ ውስጥ እየሮጠ የሚርቅ የጫማ ድምፅ ተሰማት።