አሮጌዋ መኪና የምትስበው ወዴት ነው?

የመካኒኩ ማስረጃ ነገ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ወንድሟ ደርብ አለቀለት። በመሬት ወሰን የሚካሰሰውን ጎረቤታቸውን በመንገዱ ቀኝ ዳር ገጭቶ ገድሏል። “ሆን ብዬ አይደለም፤ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ራሷ ወደ ሰውዬው ጎተተችኝ” ብሎ ምሏል። ፖሊስ አላመነውም። እሷ ግን አምናዋለች።

ስለዚህ ዛሬ በፖሊስ ፈቃድ መኪናዋን ከሚሞክረው ከመካኒኩ ከጋሽ ቸርነት ጎን ተቀምጣለች። ባትስብስ?

“አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለች አሮጊት ሳትስብ አትቀርም” አላትና መሪውን ለቅቆ ፍሬኑን ረገጠ። ዐይኗን ጨፈነች። መኪናዋ እንደ ደነበረ በቅሎ ተወርውራ ቆመች።

“ይኸው፣ ሳበች!”

ከመኪናዋ ወርዳ እያለቀሰች ሳቀች። ጋሽ ቸርነት ከሥር ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

“የቀኙ ጎማ የፍሬን ቱቦ በመዶሻ ተደፍጥጦ ተዘግቷል። ዘይት ሲያፈስባቸው ሾፌሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ዝገቱን ሳየው ዓመት አልፎታል። የሚይዘው ግራው ብቻ ስለሆነ ወደ ግራ ትስባለች። ወንድምሽ አልዋሸም!”

ክው አለች።

እሱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀምሯል። “ሟቹ የቆመው በግራ በኩል ነበር፣ አይደል?” አላት ቀና ሳይል።

“አዎ፣ ጋሼ” አለችና ቀስ ብላ ሄዳ የተሰባበረውን የቀኝ መብራት በቀሚሷ ጋርዳ ቆመች።