ቢጫዋ ቅጂ

"እናቴ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ያለዎት ጊዜ አለ?"

እናቴ አለችኝ! ሴትዮዋ በሆዷ ሳቀች። ነጭ ጋውን የለበሰችው ተማሪ እስክሪብቶዋን በግራ እጇ ጨብጣ፣ የምላሷን ጫፍ በጥርሷ ይዛ መልስ ትጠብቃለች። ግራ እጅ፣ የምላስ ጫፍ፣ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ። ሴትዮዋ ገና ሰልፍ ላይ ሆና ከሩቅ ነው የለየቻት። ያንን ቁስል በሞቀ ውሃ እያጠበች ያዳነችው እሷ አይደለች እንዴ! የድሮ አሠሪዋ የእትዬ ልጅ፣ ያቺ ሚጡ፣ ይኸው አድጋ ተመንድጋ የጎዳና ሰው ጭንቅላት ልትመረምር መጣች።

"እንቅልፍማ ከሄደ አሥራ አራት ዓመቱ ነው" አለች። "እሱን ጻፊ።"

የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ በጠረጴዛ ተሞልቷል። በየጠረጴዛው አንድ የበጎ ፈቃድ ተማሪ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ቤት የሌለው ሰው። አስተማሪያቸው በመካከል እየተዘዋወረ፣ "የሚሏችሁን በራሳቸው ቃል ጻፉ! እንዳታሳምሩ! ስትጨርሱ ፈርሙና ከካርቦኑ ሥር ያለችውን ቢጫ ቅጂ ስጧቸው፣ ክሊኒክ የሚገቡት በሷ ነው!" እያለ ይጮኻል። ሴትዮዋ የመጣችው አልጋ ይሰጣሉ ሲባል ሰምታ ነበር። ልጅቷን ካየች በኋላ ግን አልጋው ከነፍራሹ ገደል ይግባ ብላለች።

"እንቅልፍ የነሳዎት ነገር ምንድን ነው?"

"ጎሽ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሰው ቤት እሠራ ነበር። አንዲት ልጅ በጀርባዬ አዝዬ አሳደግሁ። ሰባት ዓመት ሲሆናት የእናቷን የጋብቻ ቀለበት አድርጋ ሙሽራ ነኝ ስትል፣ ቀለበቱ መታጠቢያ ቤት ቱቦ ውስጥ ገባ። በዓይኔ አይቻለሁ። ስትጠየቅ 'አላውቅም' አለች። እኔ እውነቱን ብናገር 'በሕፃን ታሳብቢያለሽ' ተባልኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ቀሚሴን አስወልቀው ፈተሹኝ፣ ጓዜን በጓሮ በር ወረወሩት። ከዚያ ወዲያ ሌባ የተባለችን ሴት ማን ቤቱ ያስገባል?"

እስክሪብቶው ቆመ። ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻትም።

"ጻፊ እንጂ!"

ልጅቷ ጻፈች። ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ የተዘቀዘቀውን ጽሑፍ ቀስ እያለች አነበበች።

"'አንድ ዕቃ በመጥፋቱ' ነው የሚለው? እኔ መቼ ዕቃ አልኩሽ? ቀለበት ነው ያልኩት። 'ጠፋ' ደግሞ ምን ማለት ነው፣ እግር አውጥቶ ሄደ? ልጅቷ ጣለችው በይ።"

"ማንበብ... ይችላሉ?"

"ልጅቷ ናታ ያስተማረችኝ! ከትምህርት ቤት ስትመለስ የኩሽናው በር ላይ በጠመኔ እየጻፈች 'እቴቴ፣ ተከተይኝ' ትለኝ ነበር። ስሳሳት በጭልፋ ትኮረኩመኛለች። ጎበዝ አስተማሪ ነበረች፣ መቼም አይካድም።"

ሴትዮዋ ይህችን ቀን በየሱቁ በረንዳ ተኮራምታ ስታልማት ኖራለች። በሕልሟ ልጅቷ ላይ ትጮህባት ነበር፣ ፀጉሯን ይዛ መሬት ለመሬት ትጎትታት ነበር። እንዲህ ቀስ ብሎ፣ በራሷ እጅ ማስጻፍ ይህን ያህል እንደሚጥም ግን አልጠረጠረችም። እሰይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"እቴቴ" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። "ገና ስትቀመጪ አውቄሻለሁ።"

"አውቀሽኝ ነው 'እናቴ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው' የምትይኝ?"

"ፈርቼ ነው። ያኔም ፈርቼ ነው። ግን በሦስተኛው ቀን ለእማዬ ነገርኳት። እውነቴን ነው እቴቴ! የቧንቧ ሠራተኛ ጠርታ ቱቦውን አስፈታችው። ተገኘ።"

የሴትዮዋ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። "ምኑ?"

"ቀለበቱ። ዛሬም ጣቷ ላይ ነው። 'አሁን ብንናገር ሰው ምን ይለናል፣ አፍሽን ዝጊ' አለችኝ።"

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰባት ዓመት ሕፃን ስትረግም ኖራለች። እትዬንማ ምን ታድርግ፣ ልጇን አምና ነው እያለች ስትምራት! ስንቴ ምራታለች!

"ጻፊው" አለች። አሁን ድምጿ አያላግጥም። "በሦስተኛው ቀን መገኘቱን። ማን ቱቦውን አስፈትቶ እንዳገኘው፣ ማን አፍሽን ዝጊ እንዳለሽ። አታሳምሪ።"

ልጅቷ እንባዋን በጋውኗ እጅጌ እየጠረገች ጻፈች። ሴትዮዋ የልጅቷን የራሷን ስም ከነአባቷ አስጻፈቻት፣ አስፈረመቻት። ከዚያ ከካርቦኑ ሥር ቢጫዋን ቅጂ ራሷ መዝዛ፣ ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ አራት አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት።

"ክሊኒኩ ከአዳራሹ ጀርባ ነው፣ እኔ እወስድሻለሁ። አልጋ አለ፣ እቴቴ..."

"አልጋው ይቆየኝ። ዛሬ ቅዳሜ አይደል? እትዬ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿን ምሳ ትጋብዛለች?"

ልጅቷ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አፉን የከፈተውን ጫማዋን በሲባጎ ጠበቅ አድርጋ አሠረች። በዚያ ቤት ስምንት ዓመት ሙሉ ደወል በተደወለ ቁጥር እየሮጠች ለእንግዳ ከፍታለች። እሷ ግን አንድም ቀን ተጭናው አታውቅም።

"የፊት ለፊቱ በር ደወል" አለች ቀና ሳትል፣ "ዛሬም እንደ ድሮው ይጮኻል?"