ሲቀላ የማይሰማ ቃል

በዚያ ዘመን ኦቫሪዋ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ፣ ሲስት የሚባል ውሃ የቋጠረ እጢ ያለባት ሴት ሁሉ ሆርሞኗን የሚለካ አምባር ታስር ነበር። ሆርሞኗ ተዛብቶ አምባሩ ሲቀላ የተናገረችው ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር።

እራት ላይ ስመኝ ጉርሻዋን መልሳ፣ "ልጅ ለመውለድ ብዬ የምወጋው መርፌ ይብቃኝ፤ ተስፋዬን ጨርሶታል" አለች።

ባሏ ይበልጣል ፊቷን ሳይሆን እጇን አየ። "ቀልቷል። አረንጓዴ ሲሆን እናወራለን።"

"ትናንት በአረንጓዴው ስነግርህ፣ 'ይኸው ደህና ነሽ አይደል?' ብለህ አለፍከኝ!" አለች።

አማቷ ወይዘሮ የሺመቤትም አብረዋቸው እራት ላይ ነበሩ። ድንገት ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔም ይኸው ሕመም ነበረብኝ፤ ሕመሙ አገጬ ላይ የሚያበቅለውን ጢም ተደብቄ እየተላጨሁ ነው ያሳደግሁህ። ስከፋ ግን አባትህ ዓይኔን እንጂ እጄን አያይም ነበር።"

ይበልጣል አቀረቀረ። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ስመኝ አስጠግተው፣ "በይ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪን" አሏት።