ያልተዘጋው ጥሪ

የመሥሪያ ቤቱን ስልኮች ሁሉ የሚቀዳውን ማሽን የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ዓመት የሞላውን ቅጂ ታጠፋለች፤ የሰው ቁጣም ሆነ ሳቅ ለእሷ ያው ነው። እናቷ አምና ስትሞት እንኳ እንባ ከዓይኗ ጠብ አላለም፤ ከቀብር መልስ ሥራዋ ላይ ተገኘች።

ዛሬ አንድ የአምና ቅጂ አልጠፋ አላት። «ጥሪው አልተዘጋም፤ እየተቀዳ ነው» ይላል ማሽኑ።

«ደግሞ ምን ነካው!» ብላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

የራሷ ድምፅ ነው። «እማዬ፣ ሌላ ስልክ እየጠራ ነው፤ አንዴ ጠብቂኝ።» ከዚያ በኋላ ዝምታ ብቻ። ወደ መጨረሻው ብታሳልፈውም ያው ዝምታ፤ በመሃሉ ግን የሰው ትንፋሽ አለ።

ማዳመጫው ለመስሚያ ብቻ ነው፤ ማይክ የለውም። እንዲያም ሆኖ ቃሉ ከአፏ አመለጣት።

«እማዬ?»

«ወዬ ልጄ። ጨረስሽ?»