የሣር ከዳኙ መመለስ

ምንይሉ ከወህኒ ቤት የተመለሰው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ሥራ ጠየቀ። ከሐሙስ ጀምሮ የቀበሌው ሰው በጠራራ ፀሐይ በሩን እየቀረቀረ መዋል ጀመረ።

የጠየቀው የሚያውቀውን ሥራ ነው። ቤት በጓሳ ሣር የሚከድን ባለሙያ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የቅርስ ማኅበር፣ ሰው ሁሉ ጎጆውን ቆርቆሮ እያለበሰ የአገሩ መልክ ጠፋ ብሎ አዝኖ፣ የቀሩትን የሣር ቤቶች ሊያሳድስ ከዳኝ ይፈልጋል። ከመንዝ እስከ ግሼ ቢጠየቅ ከምንይሉ የሚተካከል ጠፋ። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ምንይሉ ሰው ገድሏል።

ሟቹ የበቅሎ ነጋዴው በዕውቀቱ ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ማን ገዢ ማን ተገዢ እንደሆነ ባልታወቀበት ሰሞን፣ በቅሎዎቹን ሸጦ ሲመለስ በገዛ ጠመንጃው ተገደለ። ሰደፉ ላይ የነሐስ ቀለበት ያለበት ጠመንጃ ነው፤ አገር ያውቀዋል። ገንዘቡም ጠመንጃውም ደብዛው ጠፋ። ምንይሉ «የት ደበቅኸው?» በተባለ ቁጥር «አላውቅም» ስለሚል፣ ጥፋቱን ያላመነ ተብሎ ምሕረት በመጣ ቁጥር አለፈው።

የመሰከሩበት አቶ መልከ ጼዴቅ ናቸው። «ከሬሳው ሲሸሽ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብለው ማሉ። ያን ጊዜ ምንይሉ የእሳቸውን ቤት እየከደነ ነበር፤ ፖሊሶች የያዙትም ከጣሪያው ላይ አውርደው ነው። የቀረውን ክዳን አቶ መልከ ጼዴቅ ራሳቸው ወጥተው ጨረሱት። ታታሪ ሰው ናቸው። ለታታሪ ደግሞ እግዚአብሔር ይሰጣል፤ በዓመቱ ወፍጮ ተከሉ፣ ቀጥሎም የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆኑ። እንዲያም ሆኖ ሀብት አላኮራቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሾመች «ጎረቤት ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ እኔ እስከ መቼ ጥላሸት ይራገፍብኝ?» ባሏቸው ቁጥር «የአባቶቼን ጎጆ አላስነካም» ይላሉ። ባህል አክባሪነታቸው በየስብሰባው ይወደሳል።

ቅጥሩን የሚወስነው ስብሰባ ላይ፣ እስትንፋስ እንደ ጭስ በሚታይበት ብርድ፣ አቶ መልከ ጼዴቅን ላብ አጠመቃቸው።

«ነፍሰ ገዳይ እኮ ነው!» አሉ። «መሰላል ሰጥተን አናታችን ላይ ልናወጣው ነው?»

ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣችው የሕግ ባለሙያ እፀገነት ተነሣች። «ቅጣቱን ጨርሷል። ፍርድ ቤትም መብቱን መልሶለታል። በዚህ ሰበብ ሥራ ልትከለክሉት አትችሉም።»

«እውነት ነው፣ እኅቴ» አለ የአቶ መልከ ጼዴቅ ጎረቤት ጌጡ። «ሕጉ ግን ማታ ካንቺ ጋር መሐል ሜዳ ይገባል። ምንይሉ ነው ከኛ ጋር የሚያድረው።»

ሰው ሊስቅ ፈልጎ ፈራ። ምንይሉ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ማን እጁን እንደሚያወጣ ያያል። የሚቃወም ተጠየቀ። የሊቀ መንበሩ እጅ እንኳ ከጉልበታቸው አልተነሣም። ቅጥሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ የዴሞክራሲ ባህላችን መዳበሩም በጭብጨባ ተገለጸ።

እፀገነት በዚህ ተደስታ «እንግዲህ ባህል ከጠበቀው ቤት ይጀመር፤ ከሊቀ መንበሩ» አለች።

ምንይሉ ተነሥቶ አቶ መልከ ጼዴቅን እጅ ነሣ። «ጋሼ፣ እዚያ ሆኜ ያን ቤት ሳላስብ ያደርኩበት ቀን የለም። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ነው የወሰዱኝ። ሰኞ እመጣለሁ።»

ሰው በያለበት አማተበ።

ያን ዕለት ጌጡ ጎረምሶቹን ሰብስቦ፣ ሽመል አስይዞ፣ የአቶ መልከ ጼዴቅን ቤት ዙሪያውን አስከበበ።

«ተዉኝ፤ ግቡ ወደየቤታችሁ!» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ።

«እውነት የመሰከረ ሰው በቂመኛ ሲበላ ቆመን ልናይ? እኛ እያለን!»

«ብቻዬን ልሁን ነው የምልህ!»

«ስሙ እንግዲህ ወንድነት!» አለ ጌጡ ለጎረምሶቹ፤ ጥበቃው ተጠናከረ። ለሽንት ሲወጡ እንኳ አጃቢ ይከተላቸዋል።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ አቶ መልከ ጼዴቅ መሰላል አቁመው ሦስት እርከን እንደ ወጡ፣ ጌጡ በጋቢያቸው ጫፍ ያዛቸው።

«ምን ሊሆኑ ነው፣ ጋሼ?»

«የሚያፈስ ቦታ አለ።»

«ሰኞ ባለሙያው ይመጣ የለም? አጥንትዎን ሊሰብሩ ነው?» መሰላሉን ተሸክሞ ቤቱ ወሰደው።

እሑድ አቶ መልከ ጼዴቅ ለባለቤታቸው በሹክሹክታ «ቤቱ ቢቃጠልስ? ቆርቆሮ አለብስልሽ ነበር» አሏቸው። ወይዘሮ ተሾመች ደረታቸውን ደቁ። ባላቸውን ፍርሃት አእምሯቸውን እንደነካው ስለገባቸው ጠበል አስመጥተው ረጯቸው፤ እሳቱንም አዳፍነው አጠገቡ ተኙ።

ሰኞ ምንይሉ መጣ። መሰላልና ማጭድ ይዟል። ሁሉም ያየው ማጭዱን ነው። ጌጡ ከአቶ መልከ ጼዴቅ ፊት ቆመ።

«አይዞዎት፣ ጋሼ። ወደርስዎ አንዲት እርምጃ ይራመድና!»

ምንይሉ አልተራመደም። መሰላሉን ወጣ። ሣሩን እንደ ልጅ ፀጉር እየዳበሰ «ይኼ የኔ እጅ ነው» አለ። «ይኼም የኔ ነው።» ከዚያ ከጉልላቱ በታች ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ይኼስ የኔ አይደለም። ሣሩ አብጧል። ከሥሩ ምን ገብቶ ነው?»

«ተወው!» ድምፃቸው የሰው አይመስልም ነበር። «ውረድ!»

«ሰማህ? ውረድ ተብለሃል!» አለ ጌጡ፣ ሽመሉን ወደ ሰማይ እየሰበቀ።

ምንይሉ እጁን እስከ ብብቱ ሣሩ ውስጥ ሰድዶ ጎተተ፤ ቀድሞ ብቅ ያለው የነሐስ ቀለበት ያለበት ሰደፍ ነበር።