ከማኅተሙ በኋላ የተወለደው

አብዱልሰታር ቀዩን ሰም በሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል በር ላይ አንጠባጥቦ ማኅተሙን ሊጫንበት ሲል ሩጂና እጁን ያዘችው።

«ቆይ። ውስጥ ሰው አለ።»

«እትዬ፣ አሁን አብረን አይተን ወጣን አይደል እንዴ?»

«ያስላል።»

ከመንግሥት ተልኮ የመጣው ወጣቱ አብዱልሰታር ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ምንም አልሰማም፤ ግን ለእሷ ብሎ ከፈተው። ባዶ የብረት አልጋዎች፣ የተቆለሉ አንሶላዎች፣ መስኮቱ ላይ አቧራ። ሩጂና ሳሉን ታውቀዋለች። ምንጣፍ ትሰፋ የነበረችው የሳልሃ ሳል ነው። ሳልሃ በብርዱ ወራት እዚያው መስኮት ሥር ሞታለች፤ ሞቷንም የመዘገበችው ራሷ ሩጂና ናት። በሽተኞቹ ከወጡ ወዲህ ሳሉ ጆሮዋ ላይ ነው። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«የውሃ ቧንቧ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አለ አብዱልሰታር፤ ውሃው ከተቆረጠ መሰንበቱን እያወቀ። በሩን ዘግቶ አሸገው።

የባግዳድ አይሁዶች ዜግነታቸውን እየተዉ፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በአውሮፕላን ላይመለሱ ከአገር የሚወጡበት በጋ ነበር። ማኅበራቸው ያሠራውን ሆስፒታል ዛሬ መንግሥት ይረከበዋል። ሩጂና ከልጃገረድነቷ ጀምሮ በመዝገብ ቤቱ ተቀምጣ የተወለደውንና የሞተውን ስትጽፍ ጸጉሯ ሸብቷል። ከግድግዳው ወዲያ የስንቷን ሴት የምጥ ጩኸት ሰምታለች፤ አንዲትም ስትወልድ ግን በዓይኗ አላየችም። ጠዋት የልደት መዝገቡን አውጥታ፣ ከመጨረሻው ስም ሥር ቀይ መስመር አስምራ፣ ከአብዱልሰታር ጋር ፈርመው ዘግተውታል።

የቀረው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነበር። ወደዚያ ሲያመሩ ደጃፉ ላይ ጋሪ ቆመ። አንዲት ወፍራም ባልቴት ምራቷን ደግፋ እየጎተተች ገባች።

«ሐኪም ጥሩልኝ!»

«ሐኪም የለም እናቴ፤ ሁሉም ሄደዋል» አለች ሩጂና። «ሆስፒታሉ ተዘግቷል።»

«ለዚህኛው ንገሪው!» አለች ባልቴቷ፣ የምራቷን ሆድ እያሳየች።

ምራቷ ማርሴል ግድግዳውን ይዛ ተንበረከከች። ያልታሸገው መዝገብ ቤቱ ስለነበር ወደዚያው አስገቧት። ሩጂና ፋይሎቹን በክንዷ ጠርጋ መሬት ላይ ጣለችና ጠረጴዛው ላይ አስተኟት።

«ቀስ ብላ ትተንፍስ...» ጀመረ አብዱልሰታር፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ምጥ ለእናቷ አስተማረች አሉ! ስምንት ወልጃለሁ፣ አንተ ጎረምሳ። ይልቅ ንጹሕ አንሶላ አምጣ!» አለች ባልቴቷ፤ ስሟ ጉርጂያ ነው።

«አንሶላው ያለው ከታሸገው ክፍል ነው። ማኅተም ብሰብር እንጀራዬ ነው የሚሰበረው።»

ሩጂና እስኪጨርስ አልጠበቀችውም። የወረቀት ቢላዋዋን አንስታ ሄደችና ሰሙን ሰነጠቀችው። በሩን ስትከፍት ሳሉ ቀጥ አለ፤ እንግዳ ሲገባበት ትንፋሹን እንደሚውጥ ሰው። አንሶላዎቹን አቀፈች። ከመውጣቷ በፊት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሳልሃ፣ ልጅ እየመጣ ነው» አለች በሹክሹክታ። ጀርባዋን ብርድ ሲነካት ተሰማት፣ በዚያ ሐሩር።

ልጁ የመጣው ድምፅ ሳያሰማ ነበር። ጉርጂያ በእግሩ ዘቅዝቃ መታችው። ደግማ መታችው። ሩጂና ወደታሸጉት ክፍሎች ጆሮዋን ሰጠች፤ ሕንፃው በሙሉ አብሯት የሚያዳምጥ መሰላት። ከዚያ ልጁ ጮኸ።

ሩጂና እያለቀሰች፣ እጇ እንደለመደው መዝገቡን ገልጣ ብዕር ነከረች።

«ስሙን ማን ልበል?»

ጉርጂያ በደም የተነከረ እጇን ሰዳ የሩጂናን የእጅ አንጓ ጨበጠች።

«እንዳትጽፊው!»

«እንዴት ነው የማልጽፈው?»

«ነገ እንበራለን። የእኛ መውጫ ወረቀት ወጥቷል፤ የእሱ የለም። ተወለደ ከተባለ የራሱን አምጡ ይሉናል። ማን ይሰጠናል? መቼ? ያልተወለደ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሄዳል፤ የተወለደ ይቀራል።»

«መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ? እንዲህ የሚባል ልጅ ነበረ የሚል ማን አለ?»

«እኔ አለሁ አይደል» አለች ማርሴል ከጠረጴዛው ላይ። ከገባች ጀምሮ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር።

ሦስቱም ሴቶች አብዱልሰታርን አዩት። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። የተሰበረ ማኅተም አለበት፤ አሁን ደግሞ ልጅ ተጨመረ። ቀስ ብሎ መጣና ብዕሩን ከሩጂና እጅ ወስዶ መዝገቡን ከደነው።

«ሆስፒታሉ ጠዋት ተዘግቷል» አለ። «በተዘጋ ሆስፒታል ልጅ አይወለድም።»

ጉርጂያ ምራቷን ጋሪው ላይ አሳፍራ፣ ልጁን በጥቁር መጎናጸፊያዋ ሥር ሸሸገችው። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ልጁ አንዴ አለቀሰ። ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ድመት ነው» አለ አብዱልሰታር። «ጋሪውን አሳልፍ።»

ሩጂና ተመልሳ ጠረጴዛውን አጠበችው። ደሙ ለቀቀ፤ እንጨቱ ላይ ልጁ የተኛበት ቦታ እርጥበት ብቻ ቀረ፤ እዚያ መወለዱን የሚያሳይ ሌላ ምልክት አልነበረም። አብዱልሰታር የሴቶቹን ክፍል እንደገና አሽጎ፣ መዝገብ ቤቱን ሊያሽግ የቀለጠውን ሰም ይዞ ደጁ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እንውጣ?»

«ትንሽ ቆይ።»

እርጥበቱ ከዳር ከዳር እየደረቀ ጠቦ መዳፍ አከለ፤ ቀጥሎ አውራ ጣት። ሩጂና ጎንበስ ብላ፣ ሳትነካው፣ እንጨቱ ደርቆ እስኪነጣ ድረስ ተመለከተችው።